አሻራው ንጹሕ ነው

ወላይታ ሶዶ
መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለወንጌላዊ ባዳቾ፣

ጤናህን፣ ጉልበትህን፣ በጋ ከክረምት የማይለቅህን ሳልህን ጭምር እየጠየቅኩ ሰላምታዬ ሃላሌ ድረስ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ሶፊ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። «ለአያቴ እንዳትነግሪው፣ ይስቅብኛል» ብላኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ። የደም ግፊት መድኃኒትህን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። የቃሪያ ዳታም በብልቃጥ አለ። የዘንድሮው ቃሪያ ይፋጃልና ለሳልህ ስትል ቀስ እያልክ ብላው።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ያልመለስኩልህ ፈርቼ አይደለም። ባለፈው ስትደውልልኝ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ እሰማ ነበር። ጥያቄው ካንተ አፍ ወጣ እንጂ መልሴን የሚጠብቀው ጆሮ ብዙ ነበር። ስለዚህ «እጽፍልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። መነጽርህን አድርግና ብቻህን ሆነህ አንብበው። ዓይኔ ደከመ ብለህ ለወንድሜ ለሶርሳ አትስጠው።

«ልጄ፣ የሰው ስም አታጥፊ። ሚልክያስን ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩ እዚሁ ይቅር» ነበር ያልከኝ።

አልጠይቀውም፣ አባዬ።

ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት እስከ ታች ድረስ እየፈለግከው እንዳትደክም ነው። አሁን ምክንያቱን ልንገርህ፤ ሽማግሌዎቹ የነገሩህ ለእነሱ የተመቻቸውን ግማሽ ብቻ ነውና።

ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆኜ የተሾምኩ ጊዜ በመጀመሪያ የያዝኩት ሥራ የልጆች ደህንነት ደንብ ማርቀቅ ነበር። የግል ትምህርት ቤት ስለሆንን ቅጥራችን በትውውቅ ነው፤ የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ከርዕሰ መምህር እስከ ዘበኛ ማንም ሰው አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ሳያመጣ ሥራ አይጀምርም። ቀድሞ የሠራበት ቦታ በአካል ወይም በስልክ ይጠየቃል፤ የተጻፈለት ደብዳቤ ብቻ አይበቃም። አዋቂ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥም። ወላጅ ሳያውቅ በቤት ማስጠናት፣ ስጦታ መስጠት፣ ልጅን ለብቻ ፎቶ ማንሳት የለም። የሰርቪስ መኪና ያለ ረዳት አይንቀሳቀስም። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አቶ ጌታሁን ለወላጆች ኮሚቴ ሲያነብላቸው ስለተጨበጨበለት ወዲያው ፈረመበት።

ሠራተኛው ግን አኮረፈ። ዘበኛችን ኤልሳዕ «በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ ጣቴን ቀለም ልታስነክሪኝ?» ብሎ ሰላምታ ነሣኝ። የእኔን አሻራ ነው መጀመሪያ ያስነሣሁት። ከዚያ ኤልሳዕን በባጃጅ ራሴ ወሰድኩት። ሲመለስ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ «ሁሉም ነው አይደል? ማንም አይቀርም አይደል?» አለኝ። «ማንም አይቀርም» አልኩት።

ማንም አይቀርም ያልኩት በእውነት ነበር። ሚልክያስ እንደሚመጣ አላውቅማ።

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሊጀመር ሲል ነው የመጣው። የሙዚቃ መምህር ፈልገን ነበር፤ አንተም ለአቶ ጌታሁን ደውለህ «እንደ ልጄ ያሳደግኩት ነው» እንዳልከው በኋላ ሰማሁ። አባዬ፣ ሚልክያስ ለእኔ እንግዳ አይደለም። እናቱ ሞታ ቤታችን ሲገባ የተቀደደ ሹራቡን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። አንድ ትሪ ከበን በልተናል። ያን ዕለት ቢሮዬ በር ላይ ሳየው ብድግ ብዬ አቀፍኩት። እዚያው የምትማረውን ሶፊንም ጠርቼ «አጎትሽ ነው» አልኳት። በዚያው ቀን አዳራሹ ውስጥ ኪቦርድ ሲጫወት ልጆቹ በመስኮት ተንጠላጥለው ነበር። አቶ ጌታሁን ዓይኑ በርቶ «ሰኞ ይጀምር! የወላጆችን በዓል በሱ ነው የማደምቀው። ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለኝ።

«ይደርሳል፤ ከደረሰ በኋላ ይጀምራል» አልኩት።

ሚልክያስ ሳቀ። «እህቴ ሽታዬ፣ እኔንም?»

«አንተንም። እኔም አሻራ ተነሥቻለሁ።»

አሻራውን ሰጠ፤ ወረቀቱም መጣ። ንጹሕ ነው። ደስ አለኝ፣ አባዬ። እውነቴን ነው፣ ለሱ ብዬ ደስ አለኝ። የቀረው ቀድሞ የሠራበትን ቦታ መጠየቅ ብቻ ነበር። ያመጣው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተበላ ከተማ ካለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የተጻፈ ሲሆን ማር ነው፤ «ትጉህ፣ ትሑት፣ በተማሪዎች የተወደደ» ይላል። ደብዳቤውን ለፈረመው ርዕሰ መምህር ለአቶ መክብብ ደወልኩ።

«ጥሩ ልጅ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ያለውን ይመልከቱ» አለኝ።

«ተመልክቻለሁ። ነገ ተመልሶ ቢመጣ ይቀጥሩታል?»



«ልጅ አለሽ?» አለኝ። ከእርስዎ ወደ አንቺ እንደወረደ ራሱም ያስተዋለ አይመስለኝም።

«አንዲት ሴት ልጅ።»

«በስልክ አይሆንም» አለና ዘጋ።

በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ተበላ ወረድኩ። አቶ መክብብ ከመናኸሪያው ማዶ ሻይ ቤት ጠበቀኝ። ሰውየው መጥፎ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ሚልክያስ ብቻዋን እንዳስቀራትና ያደረገባትን ለእናቷ እንደተናገረች፣ እናትየዋም ትምህርት ቤቱ ግቢ መጥታ እንደጮኸች ነገረኝ። ዝርዝሩን አልጽፍልህም። ልጅቷ ያልተናገረችው እኔ አፍ ውስጥ አይገባም፤ የተናገረችው ግን ይበቃል።

«ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ?» አልኩት።

«ሽማግሌ ገባ። የልጅቷ ስም እንዳይነሣ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ስም እንዳይነሣ፣ የትምህርት ቤቱም... እሱ በሰላም ይሂድ፣ ነገሩም ይለቅ ተባለ።»

«ደብዳቤውንስ?»

ብርጭቆውን አዟዟረው። «ቶሎ እንዲሄድልኝ ነው የጻፍኩት» አለ።

ሊሸኘው ብሎ ጻፈው፤ ወደኔ ልጆች ሸኘው። ይህን ስለው አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ግን ተነሥቶ እናትየዋ ወዳለችበት ወሰደኝ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ገበያው ዳር የቦዬ ሥራሥር ዘርግታ ትሸጣለች። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ከሶዶ የመጣሁ የትምህርት ቤት ሰው መሆኔን በአማርኛ ስነግራት ፊቷን አዞረችብኝ። በወላይትኛ ስጀምር ነው ቀና ያለችው። «ልጅሽ እንዴት ናት?» አልኳት፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

«እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ቀይራለች፤ እሑድ እሑድ ሆዴን አመመኝ ብላ ቤት ትቀራለች። ድሮ ውኃ ስትቀዳ ሁሉ ትዘምር ነበር አለች። ከዚያ ስለ እርቁ ነገረችኝ። ሁሉንም በአንድ ክፍል ሰብስበው፣ ጸልየው፣ ልጅቷ የሚልክያስን እጅ እንድትጨብጥ አደረጓት።

«ታረቂ አሏት» አለችኝ። «ልጄ ምን አድርጋው ነው የምትታረቀው?»

አባዬ፣ ለዚህ መልስ አለህ? ከቦዬው ጎን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

እሷ ግን አልጨረሰችም። ከሽማግሌዎቹ አንዱን አመሰገነችልኝ። «ከሩቅ፣ ከሃላሌ የመጡ ወንጌላዊ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲጸልዩልን አለቀሱ። ልጄን ራሷ ላይ እጃቸውን ጫኑባት። ሁለት ጣት የሌለው እጃቸውን።»

ስም አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም።

የወፍጮው ቀበቶ ጣቶችህን የወሰደብህ ዕለት እኔ ስንት ዓመቴ እንደነበር አላስታውስም፤ እጅህን ግን በጨለማም ዳብሼ አውቀዋለሁ። ታምሜ ያደርኩ ጊዜ ሁሉ ግንባሬ ላይ ነበር። እንባህንም አውቀዋለሁ። የውሸት አይደለም፤ ለማንም አስመስለህ አልቅሰህ አታውቅም። ነገር ግን ያቺ ልጅ ያስፈለጋት እንባ አልነበረም። ገበና መሸፈን ጽድቅ ነው ብለህ ነው ያሳደግከን። እሺ፤ ሞሰቡ ባዶ የሆነበትን ጎረቤት እንሸፍን፤ ጠጥቶ የወደቀውን እንሸፍን። ይሄ ግን ገበና አይደለም። ይሄን የሸፈንነው ጊዜ ከሥሩ የተሸፈነችው ልጅቷ ናት።

ከተበላ እንደተመለስኩ ሚልክያስ ነክቷት እንደሆነ ሶፊን አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅኳት፤ እንዴት አድርጌ እንደጠየቅኳት አሁን ብትለኝ አላስታውስም። «የለም፣ እማዬ። ሰኞ ኪቦርድ ያስተምረኛል ብሎኛል» አለችኝ። ወደ ጓዳ ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

በማግስቱ አቶ ጌታሁን ቢሮ ገባሁ። ሚልክያስም እዚያው ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጥቷል። ተበላ መሄዴን ማን እንደነገረው አላውቅም። በለስላሳ ድምፁ ጀመረ።

«እህቴ ሽታዬ፣ የጠላት ወሬ ነው የሰማሽው። ደግሞም ያ ነገር በይቅርታ አልቋል። ይቅር ተባብለናል።»

«የጠላት ወሬ ከሆነ ይቅር የተባባላችሁት ምኑን ነው?»

አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ እግዚአብሔር የረሳውን አንቺ አታስታውሺ» አለኝ።

«ይቅርታውን አልቀማውም፤ ይዞት ይሂድ። ክፍል ግን አይገባም» አልኩ።

አቶ ጌታሁን ወረቀቱን አንሥቶ በጣቱ መታው። «ፖሊስ ንጹሕ ነው ብሏል! አንቺ ራስሽ ያወጣሽው ደንብ ነው። ከፖሊስ ትበልጫለሽ?»

«አሻራው ንጹሕ ነው፣ አቶ ጌታሁን። አሻራ የሚያሳየው የተከሰሰን ሰው ነው። ተሸኝቶ የመጣውን አያሳይም። ደንቡ ሁለተኛ መስመር ያለው ለዚህ ነው፤ እርስዎም ፈርመውበታል።»

«የአባትሽ ቤት ልጅ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ወንጌላዊ ባዳቾ መስክረውለት አንቺ ማን ነሽ?»

«ሕፃናቱን በአደራ የተረከብኩ ነኝ» አልኩት። ድምፄንም ዝቅ አላደረግኩም።

ሚልክያስን ያን ጊዜ ትክ ብዬ አየሁት። ሹራቡን የሰፋሁለት ልጅ እዚያ ፊት ውስጥ እንዳለ ፈለግኩ። ነበረ፤ ይህ ነው የሚያመኝ። አለ፤ ግን ስላለ ብቻ አላስገባውም።

አቶ ጌታሁን እስከ ሰኞ ይቅርታ ካልጠየቅኩ ቁልፍ እንዳስረክብ ነገረኝ። እኔ ግን ሰኞን አልጠበቅኩም። የወላጆች ኮሚቴ ቅዳሜ ስብሰባ ነበረው፤ ገባሁና ደንቡን አውጥቼ አነበብኩላቸው። «ቀድሞ ከሠራበት ቦታ መልካም መልስ ያላገኘሁለት ሰው ሊቀጠር ነው፤ እኔ አልፈርምም» አልኩ። ስሙን አልጠራሁም፤ የልጅቷን ነገር አልተነፈስኩም። ስም አጠፋች የሚሉህን ይህን ጠይቃቸው፦ የቱን ስም? የአንዷ ልጅ አባት ብድግ ብሎ «እኛ የምናስተምረው ደንብ አለ ስላላችሁን ነው፤ ከሌለ ልጆቻችንን እንወስዳለን» አለ። ሌሎቹም ተነሡ። አቶ ጌታሁን ላቡን ጠረገ።

ሰኞ ጠዋት ሚልክያስ ያም ሆኖ ኪቦርዱን ተሸክሞ መጣ። እኔ ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ የግቢውን በር ግን ከዚያ ሆኜ አየዋለሁ። ኤልሳዕ በሩን ሳይከፍት ተደግፎት ቆመ።

«ክፈት እንጂ፣ አባባ። አቶ ጌታሁን ያውቃል።»

«ያወቀ እንደሆነ ይንገረኝ፤ እኔ አልተነገረኝም» አለው ኤልሳዕ። ከዚያ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እኔ በሽበቴ ጣቴን ቀለም ነክሬ ነው እዚህ በር ላይ የቆምኩት። ማንም አይቀርም ተብያለሁ። ማንም!»

ልጆቹ ባንዲራ ሊሰቅሉ ነበር። አቶ ጌታሁን በረንዳው ላይ ወጥቶ አየ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ ልጆቻቸውን አድርሰው ያልሄዱትን ወላጆች። ተመልሶ ቢሮው ገባ። ሚልክያስ ኪቦርዱን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሄደ።

አልተቀጠረም። እኔም በዚያው ሳምንት ከምክትልነት ተነሣሁ፤ «ትምህርት ቤቱን አሰደብሽ» ተብዬ። አሁን ሦስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ሽማግሌዎቹ ይህንንም ውርደት አድርገው ሳይነግሩህ አልቀሩም። እንዳታዝንልኝ። የክፍሌ መስኮት ዳሞት ተራራን ያሳያል፤ ልጆቼም ማባዛት በዜማ ካልሆነ አንይዝም ይላሉ። ደንቡ ደግሞ ከቢሮው በር አልተገነጠለም፤ ወላጆቹ አያስገነጥሉትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ አባዬ። የተበላዋ እናት ደወለችልኝ። «ፖሊስ ጋ አብረሽኝ ትሄጂልኛለሽ?» አለች። ሄድኩላት። ፖሊስ ጣቢያ አብረን ገባን። ልጅቷን ያነጋገረቻት ሴት ፖሊስ ናት፤ እናቷ እጇን ይዛ፣ ሳያቻኩሏት። አቶ መክብብም ቃሉን ሰጠ፤ ማንም ሳያስገድደው የደብዳቤውን ነገር ጭምር ተናገረ። ሚልክያስ እየተፈለገ ነው። ሃላሌ መጥቶ ከሆነ፣ አንተም ቤት ከሆነ ያለው፣ ምን ማድረግ እንዳለብህ እኔ ልጅህ አልነግርህም። አንተ ታውቀዋለህ።

ፖሊሷ በእርቁ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች እንደምትጠራም ተናግራለች። መጥሪያው ሳይቀድመኝ ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ ያቻኮልኩት። ተጠርተህ ከምትመጣ በራስህ እግር ና። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ የሰማኸውን ተናገር፤ ሌላ ምንም አልለምንህም። ሶዶ መናኸሪያ እቀበልሃለሁ፤ ተበላም አብሬህ እወርዳለሁ፤ ክንድህን ይዤ እገባለሁ። ሰው ይየን። «የወንጌላዊው ልጅ አባቷን አዋረደች» የሚሉ ካሉ በፊታቸው አልፈን እንሂድ።

ካልመጣህም ልጅህ ነኝ፤ መድኃኒትህን እልካለሁ፤ ሶፊም ትደውልልሃለች። ግን በዚህ ጉዳይ ዝም በይ ብትለኝ አልሰማህም። ዛሬም፣ ነገም። እውነትን ስናገር ፊት እንዳላይ ያስተማርከኝ አንተ ስለሆንክ፣ ቅር የምትሰኝ ከሆነ በራስህ ትምህርት ተሰኝ።

የያዕቆብ አምላክ ጉልበትህን ያጽና፤ ሳልህን ያቅልልህ። ደረጃ ስትወርድ ያ ዱላህ አይለይህ። ላንተ የምመርቅ እኔ አይደለሁም፤ ልጅ አባቱን አይመርቅም። ቢሆንም እንደ አንተ ልማድ እጄን ዘርግቼ ይህን እላለሁ፦ ሳትፈራ ግባ፣ ሳታፍር ውጣ።

አንድ ነገር ልጨምርና ይብቃኝ። እኔም እንደ ምስክር ቃሌን ስሰጥ ፖሊሷ ሙሉ ስሜን ጠየቀችኝ። «ሽታዬ» አልኳት። ጻፈች። «የአባት ስም?» ብላ ብዕሯን አንሥታ ጠበቀች። እናትየዋ አጠገቤ ነበረች። ከእርቁ ዕለት ጀምሮ የምታውቀውን ስም ልትሰማ ነው። ወደ እሷ ዞር አልኩ፤ ፊቷን እያየሁ ነው የተናገርኩት። አንድም ፊደል አልዋጥኩም።

ያንተው ልጅ፣
ሽታዬ ባዳቾ